ኪያሩ እስኪያልቅ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1986

ከኦሴር ከተማ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሦስት ሸክላ ይዤ ገባሁ። ሁለቱ ተራ ናቸው። ሦስተኛዋ ግን አንገቷ ቀጭን፣ የምድጃው አመድ ትከሻዋ ላይ ቀልጦ አረንጓዴ የሆነባት፣ ከ1910 በፊት እዚሁ ፑይዜ ውስጥ የተቃጠለች ናት። ዓይን ያለው ሰው ቢያያት ቆቡን ያወልቅላታል። ኖኤሚ ድስቱን በሁለት እጇ እንደያዘች አየቻትና፣

«ሾርባውን የት ላስቀምጠው?» አለች።

ይኸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስት የምትለው ይህንን ነው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ቦታ ነበር፤ በግራ በኩል፣ ከሁለቱ ገንቦዎች መሃል።

አሁን ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ደረሱ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መሬት ስቀይስ ኖሬ፣ በጡረታዬ በገዛ ቤቴ አንድ ክንድ ቦታ ልጣ?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሰኞ የምትሠራበት ጸጉር ቤት ዝግ ስለሆነ ኖኤሚ እማማ ቶዋኖ ዘንድ ሄዳ የአሮጊቷን ጸጉር ትሠራለች። ዛሬ የብስክሌቷ ጎማ ተንፍሶ በመኪና አድርሰኝ አለች። እያጉረመረምኩ አደረስኳት። አሮጊቷ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቢጎዲኗን ተጠቅልላ ማድቤት ውስጥ እንደ ንግሥት ተቀምጣ ነበር።

«አንተ ሙሴ ቀያሹ፣» አለችኝ፣ «ቆመህ ግድግዳዬን በዓይንህ ከምትለካ፣ ምድር ቤት ውረድና ኪያር አምጣልን።»

ወረድኩ። አምፖሉ ደብዛዛ ነው። የድንች ጆንያ፣ የእንጨት ሳጥን፣ ከዚያ ጥጉ ላይ አየሁት። እስከ ጭኔ የሚደርስ ማሰሮ። ሦስት እጀታ። ግራጫማ ሰማያዊ ሆድ፣ ከከንፈሩ ላይ ማር የመሰለ ቅብ ፈሶ ፈሶ ወገቡ ላይ ሊንጠባጠብ ሲል የቆመ። እንዲህ አድርጎ ቅብ ያፈስስ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንሰልም ሎራክ። እኔ ከሎራክ ያለኝ ሁለት የጨው ማስቀመጫ ነው። ትልልቆቹን ማሰሮዎች በ1903 ሠራቸው፤ የተረፈው አንድ ብቻ ነው ይባላል፣ እሱም ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ታስሮ ነው ያለው።

ይሄኛው በእንጨት ክዳንና በድንጋይ ታፍኖ፣ በኮምጣጤና በትንንሽ ኪያር ተሞልቷል። በኮምጣጤ!

መኪና ውስጥ ለኖኤሚ ነገርኳት። መንገዱን እያየች፣ «ነግሬህ ነበር እኮ» አለች።

«መቼ?»

«ከአራት ዓመት በፊት። እማማ ቶዋኖ ምድር ቤት ሰማያዊ፣ ባለ ሦስት እጀታ፣ ማር የፈሰሰበት የሚመስል ማሰሮ አለ አልኩህ። እህ አልክ።»

«እህ አላልኩም።»

«እህ ብለህ ጋዜጣውን ገለጥክ።»

አራት ዓመት! እንዲህ ያለው ነገር በሾርባ መሃል ሹክ ተብሎ ነው የሚነገረው? ሰው ትከሻው ተይዞ ይነቀነቃል እንጂ!

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። አበባ ይዤ ነበር። አሮጊቷ አበባውን አየችና «ማን ሞተ?» አለች።

የማሰሮውን ሥር ብቻ ልይ፤ ፊርማ ይኖረዋል አልኳት።

«ሙሉ ነው። እንዴት ትገለብጠዋለህ?»

«ኪያሩን ወደ ሌላ ዕቃ ብናዛውረው።»

«አንዴ የተዘፈዘፈ ኪያር አይነካካም። ይበላሻል። ሲያልቅ ታየዋለህ።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ብቻዬን ከበላሁት? እስከ ፋሲካ ያደርሰኛል።»

«ሰው ቢያግዝዎትስ?»

ድዷ እስኪታይ ሳቀች። «እንግዲህ ሹካ እዚያ መሳቢያ ውስጥ አለልህ።»

ዘጠኝ በላሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ዐሥራ አንድ። ከዳቦና ከቅቤ ጋር። ሆዴ ይነድዳል።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

ዐሥራ አራት። ሌሊቱን ሲያቃጥለኝ አደረ። ኖኤሚ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ትሸታለህ ብላ መስኮት ከፈተች። ምክንያቱን ሳስረዳት «እንዲያ በል» አለችና ወጣች። ሰው አንድ ትልቅ ነገር ሲያገኝ አብሮ የሚደሰትለት ማጣት እንዴት ያንገበግባል!

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

በመጨረሻ የሚያስደስት ነገር። ኖኤሚ «አሮጌ ጋዜጣ አለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። የቡፌውን የላይኛውን መደርደሪያ ባዶ አድርጋ የእናቷን ሳህኖች አንድ በአንድ እየጠቀለለች በካርቶን ትከታለች። ምንም ሳልጠይቃት! ስንት ዓመት ስወተውታት የነበረው ነገር ዛሬ ገባት። ሳትጨርስ ዐሥራ ዘጠኝ ገንቦዎች ደረደርኩበት። በጠዋት ብርሃን እንዴት ያምራሉ።

እሷ ካርቶኑን ታቅፋ ቆማ ታያለች።

«ተመቸህ?»

«በጣም!»

«ኦክታቭ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር።»

«ከቅዳሜው ጨረታ በኋላ» አልኳት። የጨረታውን ዝርዝር ገና አላነበብኩም ነበር።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ምላሴን ይቁረጠው። ጨረታው ላይ ዶክተር ላምባል፣ ያ የጥርስ ሐኪም፣ እኔ የፈለግኳትን የሸክላ ጠርሙስ ነጠቀኝና «አይዞህ ሙሴ ኦክታቭ፣ አንተ የምትወደው የቅቤ ማስቀመጫ ዓይነቱን ነው» ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። «እኔ የሎራክን ትልቅ ማሰሮ በሹካ እያስለቀቅኩ ነው!» አልኩት። ሹካ የሚለውን ቃል ከአፌ ሳወጣ ነው የነቃሁት። ፈገግታው ጠፋ። በየትኛዋ አሮጊት ቤት ኪያር እንደሚዘፈዘፍ እሱም ያውቃል፤ የሁሉንም አሮጊት ጥርስ የነቀለው እሱ ነው።

ሞኝ። ሞኝ። ሞኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

የፈራሁት ደረሰ። ነጭ መኪናው እማማ ቶዋኖ በር ላይ ቆሟል። ስገባ ናፕኪን አንገቱ ላይ አስሮ ተቀምጧል።

«ና ተቀመጥ» አለችኝ አሮጊቷ ሹካ እየሰጠችኝ። ደስታ ፊቷ ላይ ይጨፍራል። «በሃያ ዓመቴ አንድ ወንድ አጥቼ አልቅሻለሁ። በሰማንያ ስምንት ዓመቴ ሁለት ይጣሉልኝ ጀመር።»

«ለማሰሮው ነው እንጂ» አለ ዶክተሩ፣ አፉ ሞልቶ።

«እሱን አውቃለሁ፣ ልጄ። ዝም ብለህ ብላ።»

እሱ ዐሥራ ሁለት፣ እኔ ዐሥራ ስድስት። በመንገድ ላይ መኪናዬን አቁሜ አስታወክኩ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

ኖኤሚ የቡፌውን የታችኛውንም ባዶ አደረገች። የአልጋ ልብስ ቁም ሣጥኑንም ግማሽ። ይህን ሁሉ ዓመት እንደዚህ ብትተባበረኝ ኖሮ! ድመቷንም ለእንስሳት ሐኪም አሳይታ መያዣ ቅርጫት ገዝታላታለች፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ድመቷ የትም አትሄድም።

«ጨረታው አለፈ» አለችኝ።

«የቱ?»

«ከሱ በኋላ እንነጋገራለን ያልከኝ።»

ዶክተሩ ዛሬ ጠዋት ብቻውን ሄዶ እንዳይሆን ብዬ እየወጣሁ ነበር። ማታ አልኳት። ማታ ደግሞ ሆዴን አሞኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

የሙታን መታሰቢያ። ኖኤሚ የአበባ ማሰሮዋን ታቅፋ ወደ እናቷ መቃብር በእግሯ ሄደች። ዝናብ ነበር። እኔ ዶክተሩ በበዓል ቀን ይመጣል ብዬ ስለጠረጠርኩ አሮጊቷ ዘንድ ነበርኩ። አልመጣም። ስመለስ ኖኤሚ ካፖርቷን ምድጃው አጠገብ እያደረቀች ነው። «ብቻዬን ስሄድ ሰባተኛ ዓመቴ ነው» አለች። እንደ ወቀሳ አይደለም፤ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው ያለችው።

በሚመጣው ዓመት እሄዳለሁ። ይህን ያህል ነገር ማድረግ ያቅተኛል እንዴ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ዳቦ ቤት ስገባ ባለቤቷ ማዳም ብሪሴ ለአንዲት ደንበኛ «መጋረጃው ቢጫ ይሁን ብላለች፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስለሚገባ» ትላለች። እኔን ስታይ ጸጥ አለች። ደንበኛዋም ጸጥ። ዳቦውን በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ «በርታ፣ ሙሴ ኦክታቭ» አለችኝ ደግሞ! ለቅሶ የመጣሁ መሰለኝ። የመንደር ሰው በሰው መጋረጃ ምን አገባው? ሥራ ፈቶች።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

የማሰሮውን ታሪክ ዛሬ አገኘሁ። የአሮጊቷ አባት የሎራክን ምድጃ እሳት ጠባቂ ነበር። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እንጨት ሲጨምር ከርሞ፣ ምድጃው ሲከፈት ይህ ማሰሮ አንድ እጀታው ላይ ተሰንጥቆ ወጣ። ሎራክ ጉድለት ያለበትን ሁሉ በመዶሻ ይሰብር ነበር። መዶሻውን ሲያነሣ እናቷ፣ ለባሏ ምሳ ይዛ የመጣችው፣ «ተው፣ ኪያር ይይዛል!» ብላ ጮኸችበት። ሰውዬው ሳቀና «ውሰጂው» አላት።

ምን ዓይነት እንጨት እንደነበር፣ አመዱን በምን እንደሚያጣሩት ልጠይቃት ብዙ ታገልኩ። እሷ ግን የእናቷን ነገር ትደጋግምብኛለች፤ ማሰሮውን በጀርባዋ አዝላ አራት ኪሎ ሜትር እንደሄደች፣ እንዴት እንደምትዘፍን። ወደ ቁም ነገሩ መመለስ አልቻልኩም።

የቀረው ከግማሽ በታች ነው። ዛሬ ዐሥራ ስምንት በላሁ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

አንድ የዕቃ አድራሽ ሰው በሩን ደበደበ። የማዳምን አልጋ አምጥቻለሁ ይላል። አንድ ሰው የሚተኛበት ጠባብ አልጋ!

«የምን አልጋ?» አልኩት። «እዚህ ለአልጋ ቦታ ያለ ይመስልሃል?»

በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ኮሪደሩን አየ። «አይ፣ የለም» አለ። «ወረቀቱ ላይ ሁለት አድራሻ ነው ያለው፤ እንግዲህ ሌላኛው ይሆናል።»

ትርምስ ነው ዘመኑ። ለኖኤሚ ስነግራት ቀይ ሆነችና «ወደ ሌላኛው ወሰደው?» አለች። «ወሰደው» አልኳት። «ጥሩ» አለች።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ሃሌ ሉያ! ዶክተር ላምባል ከኪያሩ ጋር ሳያየው አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ነክሶ የገዛ ጥርሱን ሰበረ። ጉንጩን ይዞ ወጣ። አሮጊቷ «ጥሩ ሐኪም ካወቅክ ንገረኝ፤ እኔም እሄድ ነበር» አለችው በሩ ላይ። በሳቅ እንባዬ ወረደ። መልሶ የሚመጣ አይመስለኝም።

ቤት ገብቼ ለኖኤሚ ልነግራት ስል የለችም። ጸጉር ቤት እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው የምትሠራው፤ አሁን አሥራ አንድ ሆኗል። ብቻዬን ሳቅኩ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19

ስድስት ብቻ በላሁ። ጨጓራዬ እምቢ አለ።

ከሰዓት በኋላ የዚያችን ከኦሴር ያመጣኋትን አንገተ ቀጭን ሸክላ ቅብ በአጉሊ መነጽር እያየሁ ስመዘግብ ኖኤሚ ገብታ ከፊቴ ቆመች። ካፖርቷን አላወለቀችም። ስለ ዳቦ ቤቱ፣ ስለ ዲሴምበር መጀመሪያ የሆነ ነገር ተናገረች። ቅቡ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አይቼ ነበር፤ ድሮ ከምድጃው ይሁን በኋላ የመጣ መለየት ነበረብኝ።

«ጥሩ» አልኳት።

«ጥሩ አልክ?»

«ጥሩ አልኩ እኮ።»

«እሺ» አለች። ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። እንደዚህ ሰው ሥራ ሲይዝ ቢያከብሩለት ጥሩ ነው።

ስንጥቁ ከምድጃው ነው።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ዛሬ አለቀ።

ጠዋት ኖኤሚን በመኪና አደረስኳት፤ ጎማዋ ከተሠራ ቆይቷል፣ ግን አብሬ መሄድ ፈለግኩ። እሷ ቢጎዲኑን ስትጠቀልል እኔ ምድር ቤት ወርጄ የመጨረሻዎቹን ሰባት ኪያሮች በሳህን አወጣሁ። አሮጊቷ ሁለት፣ ኖኤሚ አንድ፣ እኔ አራት። ኮምጣጤውን አፍስሼ በሙቅ ውሃ አጠብኩት። በሁለት እጄ አቅፌ ወደ ማድቤት አወጣሁትና ጨርቅ ላይ አጋድሜ ሥሩን አየሁ።

የሎራክ ምልክት ነው። ዘንባባ የመሰለች ትንሽ ቅርንጫፍ፣ ከሥሯ 1903። ጣቴን አሳለፍኩባት። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ ቶዋኖ፣» አልኳት፣ «የፈለጉትን ይንገሩኝ። እንስማማ።»

«ቀስ ብለህ አስቀምጠው» አለች። «ያንተ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ የእርስዎ ነው፤ ለዚያ ነው...»

«የእኔም አይደለም። ለኖኤሚ ሰጥቻታለሁ። ለአዲሱ ቤቷ።»

መጀመሪያ የመጣልኝ ስሜት ደስታ ነው። ይህንን መደበቅ የለብኝም። ለኖኤሚ ከሆነ ለእኔ ነው አልኩ በልቤ። ቀጥሎ የመጨረሻው ቃል ደረሰኝ።

«የትኛው አዲስ ቤት?»

አሮጊቷ ኖኤሚን አየቻት። ኖኤሚ ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

«ከዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቻለሁ» አለች። «በመጪው ሰኞ እገባለሁ። ባለፈው ረቡዕ ነግሬህ ጥሩ አልከኝ።»

«ምን እንደምትዪ አልሰማሁማ!»

«እሱን አውቃለሁ።»

አልጮኸችም። ቢጎዲኑን ቀጠለች። እኔ ግን ጮህኩ። ምን እንዳልኩ በሙሉ ባልጽፈው ይሻላል። ከሁሉ የማፍርበትን ግን ልጻፈው፤ «ታዲያ ኪያሩን የበላሁት እኔ አይደለሁ!» አልኩ። በሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት ፊት፣ ሚስቴ ከቤት ልትወጣ ነው ተብዬ፣ ያልኩት ይህንን ነው።

እማማ ቶዋኖ ብቻ መለሰችልኝ። «አንተ ሁለት መቶ አለህ። እሷ ስንት አላት?»

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

የተበሳጨሁት በእሷ ይሁን በራሴ አላውቅም። ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። ማዳም ብሪሴ። አልጋ ያመጣው ሰው። ድመቷ ሳትቀር። ካርቶኖቹ ኮሪደሩ ላይ ለአንድ ወር ተኩል ተደርድረው ስዘላቸው ነበር የከረምኩት።

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። አንብቤ ልቀደው ነበር።

ዛሬ ጠየቅኳት፤ «ሌላ ሰው አለ?»

ሳቀች። ብዙ ጊዜ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። «ኦክታቭ፣ እኔ የምፈልገው ሳህኔን የማስቀምጥበት ቦታ ነው» አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ይህን ብቻ መስሎህ ደግሞ ዛሬ መደርደሪያ ልታስለቅቅልኝ እንዳትነሣ።»

ልነሣ ነበር። ሦስት ገንቦ አንሥቼ ነበር።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 1

አዲሱ ቤቷ ገባች። የማዳም ብሪሴ ባልና ወንድሙ ካርቶኖቹን ጫኑ። ከእማማ ቶዋኖ ቤት የመጣውን ማሰሮ ሊያነሡ ሲሉ ኖኤሚ «እሱን ተዉት» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ብቻ ነህ የማትሰብረው። ፎቅ ታወጣልኛለህ?»

ሰው እንዲህ ይጠየቃል? ግን አወጣሁት። ደረጃው ጠባብና ጠምዛዛ ነው፤ ግድግዳውን እንዳይነካ ጎኔን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ አንድ እግር አንድ እግር። ከዳቦ ቤቱ ሙቀት ይወጣል። ክፍሉ ውስጥ ጠባቡ አልጋ፣ ቢጫው መጋረጃ፣ የእናቷ ሳህኖች መደርደሪያው ላይ። መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ፀሐይ ማሩን አበራችው። በሕይወቴ ሸክላ እንደዚያ ቦታውን ሲያገኝ አላየሁም፤ ይህም ያናድዳል።

«አመሰግናለሁ» አለችኝ በሩን ይዛ። ማለትም ሂድ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ሦስት ቀን ቻልኩ። ዛሬ ወጣሁና አንኳኳሁ። መለኪያና ደብተሬን ይዤ ነበር፤ የማሰሮውን ቁመትና ስፋት መመዝገብ አለበት፣ ለታሪክም ቢሆን።

በሩን በግማሽ ከፈተች። መለኪያውን አየች።

«ዶክተር ላምባልም ትናንት መጥቶ ነበር» አለች። «እሱም መለኪያ ይዞ ነበር። ስለዚህ እንዲህ አድርጌያለሁ፤ ማሰሮውን ማየት የሚፈልግ ሐሙስ ሐሙስ ከዘጠኝ እስከ አሥር ይምጣ። እኔን ማየት የሚፈልግ እሁድ።»

«ሁለቱንም የሚፈልግስ?»

«የለም እንዲህ ያለ። አንዱን ምረጥ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ግባ።»

ገባሁ። ለካሁ። ቁመቱ ሰባ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ አፉ ሃያ ስምንት። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ አንዴም ቀና አላለችም። አሥር ሰዓት ሲሞላ «በቃ» አለች።

የመዘገብኩትን እዚህ ሳየው ቁጥር ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 11

የዶክተሩ ነጭ መኪና ዳቦ ቤቱ በር ላይ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቆሟል። ከመስኮቴ ይታየኛል። ያ ጥርሰ ሰባራ! ጣቱን ስንጥቁ ላይ እያሳለፈ ይሆናል። በመለኪያ ሳይሆን በዓይኑ ገምቶ ስለ ሎራክ ሲያስተምራት ይሆናል።

ካፖርቴን ሁለት ጊዜ ለብሼ ሁለት ጊዜ አወለቅኩ። አልሄድኩም።

እሁድ፣ ዲሴምበር 14

ሄድኩ። ምንም አልያዝኩም። አበባ ይዤ ብሄድ «ማን ሞተ» እንደምትለኝ ገምቼ ነው።

ማሰሮውን የአልጋ አንሶላ አልብሳዋለች። መስኮቱ ሥር እንደ ተደበቀ ሰው ቆሟል። አየችኝ፤ ዓይኔ የት እንደሚሄድ እየተጠባበቀች ነው። ቡና አፈላች፤ ከታች የተላከላትን የፖም ኬክ ቆረሰች። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖረን ምን እንደምጠይቃት አላውቅም። ድመቷ እንኳ ፊቷን አዞረችብኝ። በመጨረሻ፣

«ጸጉር ቤት ሥራ እንዴት ነው?» አልኩ።

አየችኝ። ከዚያ የእኔን ጭንቅላት አየች።

«ማነው የሚቆርጥህ?»

«ኦሴር ያለው ሰውዬ። የጨረታ ቀን።»

«ይታያል» አለች። «ና ተቀመጥ።»

ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረችና ፎጣ አንገቴ ላይ አሠረች። የመንደሩን ሰው ሁሉ ጸጉር ስትቆርጥ የኖረች ሴት የእኔን ነክታው አታውቅም። አንዴ ልትቆርጠኝ ስትል ጊዜ የለኝም ብያት ነበር መሰለኝ። ከፊቴ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው። አንድም ነገር አልተሰቀለበትም። ውሃ ረጨችብኝ። መቀሱ ጆሮዬ ሥር ሲሠራ ይሰማኛል።

«ስለ ሥራዬ የጠየቅከኝን» አለች ከኋላዬ። «ልንገርህ?»

«ንገሪኝ» ብዬ ልዞር ስል ጭንቅላቴን በሁለት መዳፏ ይዛ ወደ ፊት መለሰችው።

«አትንቀሳቀስ። ጆሮህን እቆርጥሃለሁ።»

አልተንቀሳቀስኩም። ስለ ጸጉር ቤቱ ጀምራ ወደ ሌላ ሄደች። ወደ ኋላ ሄደች፤ ከሸክላዎቹም በፊት ወደ ነበረው። የማላውቀው ነገር ነበረበት። የማውቀውም ነበረበት፤ ከእሷ ወገን ግን ሰምቼው አላውቅም። አንድ ሁለት ጊዜ «ያ እንኳ እንዲህ ነው» ልል ስል መቀሱ ቆመ፤ ዝም ስል ቀጠለ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሁለት ጊዜ ተደወለ። ፎጣው ላይ ሽበቴ እየወደቀ አየሁት፤ ይህን ያህል መሸበቴን አላውቅም ነበር።

ስትጨርስ አንገቴን በብሩሽ ጠረገችልኝ። በሩ ላይ «በስድስት ሳምንት ያድጋል» አለች። መምጣት እችላለሁ ማለት ይሁን ወይም እንዲያው የሙያ ነገር፣ አልጠየቅኩም።

የነገረችኝን እዚህ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ አንድ ገጽ ሙሉ። ቀደድኩት። የእኔ ዕቃ አይደለም።

ከኋላ ግን አብዝታ አሳጥራዋለች። አንገቴን ይበርደኛል።